ብጉር ነው ወይስ በሽታ? በወንድ ብልት ላይ ስለሚታዩ የመጀመሪያ ምልክቶች

ስም ሳይጻፍባቸው ጥያቄ ሳጥን ውስጥ ከሚገቡ ወረቀቶች መካከል ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። አጻጻፉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ “ብልቴ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።” አንዱ “ትናንሽ ነጫጭ ነገሮች ዙሪያውን ወጥተዋል” ይላል። ሌላው “አንዲት ቁስል ወጥታ ነበር፤ ምንም ሳላደርግላት ጠፋች፤ ድኛለሁ ማለት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ “ሽንቴን ስሸና ትንሽ ያቃጥለኛል፤ ግን ቡና ስላበዛሁ ይሆናል” ብሎ ለራሱ መልስ ሰጥቶ ይጨርሳል። ከሁሉም ጥያቄዎች ጀርባ ሳይጻፍ የሚነበብ ሌላ ጥያቄ አለ፤ “ኤች አይ ቪ ይሆን እንዴ?” የሚል።

ጥርጣሬው በራሱ ክፉ አይደለም። ሰውነቱን የሚያስተውል ሰው ይጠራጠራል። ክፉው ነገር ጥርጣሬውን ይዞ መቀመጥ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓይነት ወጣቶች ይጎዳሉ። አንደኛው ምንም በሽታ የሌለበት ሆኖ ሳለ “አለቀልኝ” ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፣ ትምህርቱን ይተዋል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል። ሁለተኛው በሽታው ያለበት ሆኖ ሳለ “ጠፍቷል እኮ” ብሎ ተዝናንቶ ይኖራል፤ ለሌላም ያስተላልፋል። የሁለቱም ስህተት አንድ ነው። ሁለቱም በዓይናቸው ብቻ ፈርደዋል።

በዚህ ጽሑፍ በወንድ ብልት ላይ የሚታዩት ምልክቶች ምን ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ በዝርዝር እናያለን። ነገር ግን ከወዲሁ አደራ የምንለው ነገር አለ፤ ይህን አንብባችሁ “የኔ ይሄኛው ነው” ብላችሁ ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም። ለምን ሳይውል ሳያድር መመርመር እንደሚያስፈልግ እንድትረዱ ነው።

ሐኪሞችም ተሳስተውበታል

በዓይን ማየት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት የሕክምናን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በአውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ጨብጥና ቂጥኝ የአንድ በሽታ ሁለት መልኮች ናቸው ብለው ለረጅም ጊዜ ያምኑ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን በፓሪስ ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ሪኮር የተባለ ሐኪም ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። የጨብጥ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1879፣ የቂጥኙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ሁለቱም በጀርመን አገር በማይክሮስኮፕ ታይተው ተለዩ። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን በሽተኛ ሲያዩ የኖሩ ሐኪሞች በዓይናቸው መለየት ያቃታቸውን ነገር፣ አንድ ወጣት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሞባይል መብራት አይቶ ሊለየው እንዴት ይችላል?

በሽታ ያልሆኑት

በመጀመሪያ ብዙዎችን በከንቱ ስለሚያስጨንቁት እንነጋገር።

በብልት ራስ ጠርዝ ዙሪያ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ፣ ልክ እንደተደረደረ ዶቃ የሚታዩ፣ እኩል የሆኑ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። አያሳክኩም፣ አያሙም፣ መጠናቸውም አይለዋወጥም። በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ይወጣሉ። ብዙ ጤነኛ ወንዶች አሏቸው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይመጡም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፉም፣ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም። ግንኙነት ፈጽሞ የማያውቅ ልጅም ሊኖሩት ይችላሉ። ኪንታሮት መስለዋቸው በምላጭ ሊቆርጧቸው ወይም በመድኃኒት ሊያቃጥሏቸው የሚሞክሩ አሉ። ይህ ጤነኛውን አካል ማቁሰል ነው።

ሁለተኛው በብልት ቆዳ ላይና በቆለጥ ከረጢት ላይ የሚታዩ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው። ቆዳው ሲወጠር ጎላ ብለው ይታያሉ። እነዚህ የቆዳ ቅባት አመንጪ ዕጢዎች ናቸው። በከንፈር ላይም ይወጣሉ። እነሱም በሽታ አይደሉም።

ሦስተኛው ፀጉር በተላጨበት ቦታ የሚወጣ ብጉር ነው። የተላጨ ፀጉር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ወይም ሥሩ ሲቆጣ ቀይ፣ አንዳንዴም መግል የቋጠረ ብጉር ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ማፍረጥ አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ምላጭን ከሌላ ሰው ጋር በጋራ አለመጠቀም የሚለው የቆየ ምክር ዛሬም ይሠራል።

በሽታ ሆነው በግንኙነት ብቻ የማይመጡ

እከክ አንዱ ነው። ሌሊት ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ካለ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ ላይ፣ በወገብ ዙሪያ ሽፍታ ከወጣ፣ በብልት ላይም ጠንከር ያሉ የሚያሳክኩ ቁጥሮች ከታዩ እከክ ሊሆን ይችላል። በግንኙነት ሊተላለፍ ይችላል። ነገር ግን በአንድ አልጋ አብሮ በመተኛት፣ በአንድ ብርድ ልብስ በመጠቀምም ይተላለፋል። በዶርም፣ በካምፕ፣ ሰው በተጨናነቀበት ቤት ሁሉ ያጋጥማል። ሕክምናው አብረው ለሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተሰጠ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ይመለሳል።

ሌላው የብልት ራስ መቆጣት ነው። መቅላት፣ ማሳከክ፣ ነጭ ነገር መሸፈን፣ ሽታ ሊኖረው ይችላል። ባልተገረዙ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ምክንያቱም ከሸለፈቱ ሥር እርጥበት ስለሚጠራቀም ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ፈንገስ ነው። በተደጋጋሚ የሚመለስበት ሰው ስኳሩን መለካት አለበት፤ የስኳር በሽታ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነውና። ሳሙና አብዝቶ መታጠብም ቆዳውን ያስቆጣዋል። “ላጽዳው” ብለው አልኮል፣ ሎሚ፣ ዴቶል የሚቀቡ ወጣቶች የበለጠ ሲያቆስሉት እናያለን። ለዚህ ቦታ ንጹህ ውሃ ይበቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንዳንድ ሰዎች የተወሰነ መድኃኒት በወሰዱ ቁጥር ብልታቸው ላይ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ቦታ ክብ፣ የጠቆረ ወይም የቀላ ምልክት ይወጣባቸዋል፤ አንዳንዴም ይቆስላል። ይህ የመድኃኒት አለርጂ ነው። በተለይ ባክትሪም ብለን የምናውቀው ኮትሪሞክሳዞል እንዲህ በማድረግ ይታወቃል። ሰውየው ተቅማጥ ይዞት መድኃኒቱን ይውጣል፣ ብልቱ ይቆስላል፣ “ቂጥኝ ያዘኝ” ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደወሰደ ለባለሙያ መናገር አለበት። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሳያማክር በራሱ ማቋረጥ የለበትም።

የአባላዘር በሽታዎች እንዴት ይጀምራሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ሊድኑ በሚችሉ አራት የአባላዘር በሽታዎች፣ ማለትም በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞኒያስስ፣ 374 ሚሊዮን አዲስ መያዝ ተመዝግቧል። በቀን ሲሰላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ “እኔን ብቻ ምን ነካኝ?” ማለት ተገቢ አይደለም። የዋና ዋናዎቹ አጀማመር የሚከተለው ነው።

ቂጥኝ፦ ከግንኙነቱ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በ3 ሳምንት አካባቢ፣ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቁስል ትወጣለች። ዳርቻዋ ጠንከር ያለ፣ ንጹህ የሚመስል ነው። ዋናው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አታምም። በብሽሽት ንፍፊት ሊኖር ይችላል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ቁስሏ ትጠፋለች።

የአባላዘር ሄርፒስ፦ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ ከዚያ ይፈርጡና የሚያሙ ቁስሎች ይሆናሉ። ከመውጣታቸው በፊት ቦታውን ሊወጋ ወይም ሊያሳክክ ይችላል። በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ከሰውነት ጨርሶ የሚያስወጣ መድኃኒት የለውም፤ ነገር ግን አሲክሎቪር ሕመሙን ያሳጥረዋል። እየቆየ ሊመለስ ይችላል።

ከርክር፦ ለስላሳ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ በቀላሉ የሚደማ፣ በጣም የሚያም ቁስል ነው። ብሽሽት አብጦ መግል ሊቋጥር ይችላል። ቀድሞ በአገራችን በጣም ይታወቅ ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ በእጅጉ ቀንሷል።

ባምቡሌ፦ መጀመሪያ የምትወጣው ቁስል ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ሳትታይ ታልፋለች። ሰውየው የሚነቃው በኋላ ብሽሽቱ ሲያብጥና ሲያመው ነው።

ጨብጥ፦ በአብዛኛው ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ሽንት ሲሸና ማቃጠልና ከብልት ጫፍ ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያለው መግል መውጣት ይጀምራል። ጠዋት ሲነሱ የውስጥ ሱሪ ላይ ይታያል።

ክላሚዲያ፦ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ቀጠን ያለ ፈሳሽና ቀላል ማቃጠል ያመጣል። ብዙ ወንዶች ላይ ግን ምንም ምልክት አያሳይም። ስሙ በሰፈር ስለማይታወቅ ሰው አይጠረጥረውም።

የአባላዘር ኪንታሮት፦ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ የሚወጣ፣ እንደ አበባ ጎመን የተንጨፈረረ ወይም ጠፍጣፋ የሆነ የቆዳ ብቅታ ነው። አያምም። ፊንጢጣ ላይ ከሚወጣው ሰው ሁሉ ኪንታሮት ከሚለው በሽታ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ፈጽሞ የተለየ ነው። መንስኤው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ኪንታሮቱን የሚያመጡት የቫይረሱ ዓይነቶች በአብዛኛው 6 እና 11 የሚባሉት ናቸው። ካንሰር ከሚያመጡት ከ16 እና ከ18 የተለዩ ናቸው። ቢሆንም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ሊይዘው ስለሚችል መታየት አለበት።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉ መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው አይመጡም። ቂጥኝ አንዳንዴ ያምማል፤ ሄርፒስ አንዳንዴ አንዲት ቁስል ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ሁለት በሽታዎችም አብረው ይይዛሉ።

ሁለት አታላዮች

ወጣቶችን በብዛት የሚያታልሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው “አያመኝም” ነው። እኛ ሰዎች ሕመምን የበሽታ መለኪያ አድርገን ለምደነዋል። ጥርስ ሲያም እንሮጣለን፤ ካላመመ እንተወዋለን። የብልት ቁስል ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ሄርፒስ ያንገበግባል፤ ሕይወትን ግን በቀጥታ አያሰጋም። ቂጥኝ አያምም፤ ቢተው ግን ከዓመታት በኋላ ልብንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው አታላይ “ጠፋ” ነው። የቂጥኝ ቁስል ጠፋ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም፤ ተህዋሱ ወደ ደም ገብቶ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሰውነት ላይ፣ የእጅ መዳፍና የእግር ውስጥ ጭምር፣ የማያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ትኩሳትና ድካም አብሮ ይመጣል። እሱም ይጠፋል። ከዚያ በሽታው ለዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል።

አባቶቻችን ፍል ውሃ ወርደው፣ በቅጠላ ቅጠል ታጥነው “ቂጥኜ ለቀቀኝ” ሲሉ የኖሩትም ቁስሉ በእርግጥ ስለጠፋ ነው። አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን ቁስሉ ፍል ውሃ ባይወርዱም ይጠፋ ነበር። በዛሬ ጊዜም አንድ ጓደኛ “እኔ ይህን ቅጠል ቀብቼ ድኛለሁ” ቢላችሁ፣ ያመናችሁት ሰው ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ በሽታው አታሎት ነው። በእምነቱ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ከጠበሉ ጎን ለጎን ሊወስድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኤች አይ ቪስ?

ኤች አይ ቪ በብልት ላይ የሚታይ፣ “ይህ እሱ ነው” የሚያሰኝ የራሱ ምልክት የለውም። ስለዚህ ብልት ላይ ብጉር ስላየን ብቻ “ኤች አይ ቪ ይዞኛል” ማለት አይቻልም። ብልታችን ንጹህ ስለሆነም “ነፃ ነኝ” ማለት አይቻልም። የሚያሳውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ሆኖም ግንኙነት አላቸው። በብልት ላይ ያለ ቁስል ማለት የተከፈተ በር ማለት ነው። ቫይረሱ በቁስሉ በኩል በቀላሉ ይገባል። ጨብጥና ክላሚዲያም ቁስል ባያመጡ እንኳ የሽንት ቧንቧውን ስለሚያስቆጡ ተጋላጭነቱን ይጨምራሉ። ደግሞም ሁሉም በአንድ መንገድ የሚመጡ ናቸው፤ አንዱ ካገኘን ሌላውም አጋጥሞን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአባላዘር በሽታ የታየበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራም ማድረግ አለበት።

የምርመራው ጊዜም መታወቅ አለበት። በጤና ጣቢያ በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ትናንት ግንኙነት አድርጎ ዛሬ ተመርምሮ “ነፃ” የተባለ ሰው ከ3 ወር በኋላ መድገም አለበት። የቂጥኝ የደም ምርመራም ቁስሉ ገና በወጣበት ሰሞን ባዶ ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ “ተመለስ” ካለ መመለስ ነው። ቫይረሱ በደሙ ቢገኝ እንኳ እንደ ቀድሞው ዘመን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም።

“እኔ ተገርዣለሁ፣ ምን ይነካኛል?” የሚሉም አሉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 ውጤታቸው የታተመ ጥናቶች፣ ግርዛት አንድ ወንድ ከሴት በኩል በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። መቀነስ ግን ማጥፋት አይደለም። በአገራችን አብዛኛው ወንድ የተገረዘ ነው፤ ኤች አይ ቪ ግን ገብቶብናል። ግርዛት ኮንዶምን አይተካም።

ከመድኃኒት ቤት በኩል ያለው አቋራጭ

ብዙ ወጣቶች ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ማታ ላይ ከሰፈር ራቅ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄደው “ለቁስል የሚሆን ካፕሱል ስጠኝ” ይላሉ። አሞክሳሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይገዛሉ፤ ሁለት ቀን ውጠው ሲሻላቸው የተረፈውን ያስቀምጣሉ፤ ለጓደኛም ያካፍላሉ። ይህ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ለሄርፒስ፣ ለኪንታሮት፣ ለእከክ እነዚህ መድኃኒቶች ምንም አይሠሩም። ሁለተኛ፣ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት በሽታውን ሳያጠፋ ምልክቱን ብቻ ስለሚያደበዝዝ በኋላ ለምርመራም ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ለጨብጥ የሆነው ይኸው ነው፤ ለብዙ ዓመታት ያድን የነበረው ሲፕሮ በብዙ አገሮች አሁን አይበግረውም።

የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛው ሕክምና ከዚህ ሁሉ የቀለለ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ያለ ቂጥኝ በአንድ ጊዜ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። መርፌው በተወጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ይህ ተህዋሱ ሲሞት የሚፈጠር ስለሆነ በራሱ ያልፋል። ሽፍታ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መመለስ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አስቸግሮት የሚያውቅ ሰውም ከመወጋቱ በፊት መናገር አለበት።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

ብዙዎችን የሚያስፈራቸው በሽታው ሳይሆን በሩ ነው። “ነርሷ የሰፈሬ ልጅ ብትሆንስ?” “ሴት ብትሆንስ?” ይላሉ። የጤና ባለሙያ የበሽተኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሴት ባለሙያ ዘንድ መታየት የከበደው ሰው “ወንድ ባለሙያ ቢያየኝ” ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሚያውቁት ሰው ያሳፈረው ደግሞ ሌላ ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይችላል።

ምን ብዬ ልጀምር ለሚል ሰው እንዲህ ማለት ይበቃል፦ “ሲስተር፣ ብልቴ ላይ ቁስል ወጥቶብኛል። ከወጣ 5 ቀን ሆኖታል። አያመኝም። የመጨረሻ ግንኙነቴ ከአንድ ወር በፊት ነበር፤ ኮንዶም አልተጠቀምንም። መድኃኒት አልወሰድኩም።” መቼ ወጣ፣ ያማል ወይ፣ መቼ ግንኙነት ነበር፣ ምን ተወስዷል፤ ባለሙያው የሚፈልገው እነዚህን ነው። ቅባት ሳትቀቡ ሂዱ። ፈሳሽ ካለ ደግሞ ከመታየታችሁ በፊት ሽንት ባትሸኑ ይመረጣል።

ባለሙያው ጓንት አድርጎ ቁስሉን፣ ብሽሽቱን፣ የዘር ፍሬውን ያያል። የቂጥኝና የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ያዛል። በአገራችን ሕክምናው የሚሰጠው በምልክቱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለምሳሌ ፈሳሽ ለታየበት ሰው ለጨብጥም ለክላሚዲያም የሚሆነው መድኃኒት በአንድ ላይ ይሰጠዋል። ይህ የሆነው ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታም በሽተኛው በዚያው ቀን ታክሞ እንዲሄድ ነው። መድኃኒቱን መጨረስ፣ ባለሙያው እስከሚወስነው ቀን ድረስ ከግንኙነት መታቀብ፣ በቀጠሮ መመለስ የታካሚው ድርሻ ነው።

በሕክምና ሳይሻሻል ሳምንታት የቆየ ቁስል ወይም እያደገ የሚሄድ እብጠት ወደ ሆስፒታል ሊያስልክ ይገባል። አልፎ አልፎ የብልት ካንሰር እንዲህ ይጀምራልና። ወደ ኋላ ተስቦ አልመለስ ያለ ሸለፈት ወይም በድንገት የመጣ ኃይለኛ የዘር ፍሬ ሕመም ደግሞ ለነገ የማይባል ነው። በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካላየው የአካል ክፍሉ ሊበላሽ ይችላል።

“ማነው ያመጣው?”

ምርመራው ካለቀ በኋላ ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ ለጓደኛ፣ ለሚስት መንገር። እዚህ ላይ ብዙ ትዳርና ፍቅር የሚፈርሰው በበሽታው ሳይሆን “ማነው ያመጣው?” በሚለው ጥያቄ ነው። ከላይ ያየናቸውን ቀኖች አስታውሱ። ክላሚዲያ ምልክት ሳያሳይ ለወራት ይቀመጣል። ሄርፒስ ከተያዘ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ኪንታሮት ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ምልክቱ ዛሬ ስለወጣ ብቻ በሽታው ዛሬ መጣ፣ እሷ አመጣችው፣ እሱ አመጣው ማለት አይቻልም።

ሴቶች ላይ ብዙዎቹ የአባላዘር በሽታዎች ምልክት አያሳዩም። ወንዱ ቁስሉን አይቶ ይታከማል፤ እሷ ግን የሚያሳውቃት ነገር የላትም። እሱ ካልነገራት ማን ይነግራታል? ሳትታከም ብትቀር በሽታው መልሶ እሱን ይይዘዋል፤ እሷንም መሃን ሊያደርጋት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ቂጥኝ ወደ ፅንሱ ተላልፎ ልጁ በማህፀን እንዲሞት ወይም ታሞ እንዲወለድ ያደርጋል። በእርግዝና ክትትል ላይ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚደረገው ለዚህ ነው። ለመናገር የቸገረው ሰው ባለሙያው እንዲያግዘው ሊጠይቅ ይችላል። አነጋገሩም ቀላል ይሁን፦ “እኔ ታምሜ ታክሜያለሁ። ሐኪሙ አንቺም መታከም አለብሽ ብሏል። አብረን እንሂድ።” ይህን ሲል ክስም ጥፋተኛ ፍለጋም የለበትም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ደግሞ የምንጨምረው አለ፤ የሌለበትን በሽታ ደብቆ የሚሰቃይም አለ። ሁለቱንም የሚገላግላቸው አንድ ቀን የሚወስድ ምርመራ ነው። ያያችሁት ነገር ምንም ካልሆነ በሰላም ትተኛላችሁ። የሆነ ነገር ከሆነ ደግሞ በጊዜው ትታከማላችሁ። ቁስሉ እስኪጠፋ አትጠብቁ፤ ከጠፋም በኋላ ሂዱ።